እባብ አስመራጩ ጋሽ ወርቅነህ

ጋሽ ወርቅነህ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ማውንትሌክ ቴራስ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። በቀብራቸው ዕለት ስለ ደግነታቸውና ስለ መንፈሳዊነታቸው ብዙ ተነግሯል፤ ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ሁላችንም በጨዋነት ያለፍነው አንድ ጉዳይ አለ፤ ጋሽ ወርቅነህ እባብ ይሸጡ ነበር። እሳቸው ያላፈሩበትን እኔ የማፍርበት ምክንያት የለምና ስለዚያ እጽፋለሁ።

ኮሎምቢያ ሲቲ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ካለ የቤት እንስሳት ሱቅ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። እኔ ያወቅኋቸው ልጄ ሄለን በአሥራ ሁለት ዓመቷ እባብ ካልተገዛልኝ ያለች ጊዜ ነው። ከትምህርት ቤት እየመጣች ክፍሏን ዘግታ የምትውል፣ ስጠይቃት በአንድ ቃል የምትመልስልኝ ልጅ ነበረች። ከዓመት በኋላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር እባብ ሆነ። እያማተብኩ ይዣት ሄድኩ።

ጋሽ ወርቅነህ ማማተቤን አይተው ሳቁ። «አይዞሽ ልጄ፣ ይሄኛው ገነት ውስጥ የነበረው አይደለም፤ እዚሁ ታኮማ ነው የተፈለፈለው» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ለማንም አይሸጡም ነበር፤ ሦስት ጊዜ ያመላልሱ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማየት ብቻ፣ በሁለተኛው መያዝ፣ በሦስተኛው ደግሞ እባቧ ስትበላ ቆሞ መመልከት ነው። ጀማሪ ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ትልቁ ዘንዶ ላይ ነው፤ ሄለንም እንዲሁ አደረገች። «የመጀመሪያ እባብ ለእንግዳ የምትታይ ሳትሆን ሳታስቸግር የምትበላ ናት» ብለው፣ በእርባታ የተፈለፈለች፣ ፍሪዘር ውስጥ ከቆየ በኋላ ቀልጦ የቀረበላትን የሞተ አይጥ መብላት የለመደች፣ ኮርን ስኔክ የምትባል ብርቱካንማ እባብ አወጡ። ዓይኗን፣ ቆዳዋን፣ አፏን አንድ በአንድ አሳዩን። «ሃያ ዓመት ልትኖር ትችላለች። ኮሌጅ ስትገቢ ማነው የሚያበላት?» ብለው ሄለንን ጠየቁ። ልጄ ወደ እኔ ተመለከተች፣ እኔም «እኔ» አልኩ። ቃል መግባቴ ነበር።

በመልኳ ሽሮ ተባለች። ሄለን ከክፍሏ ወጣች፤ ማታ ማታ ሽሮ ምን እንዳደረገች ትነግረኝ ጀመር። ከጋሽ ወርቅነህ ሱቅ አይጥ ገዝቶ ማምጣት የእኔ ሥራ ነበር። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው እንደኔ ያለ ጿሚ ብቻ ነው። ለጾሙ ካዘጋጀሁት ምግብ ጎን የሞተ አይጥ ፍሪዘር ውስጥ ላስቀምጥ? እጄ እንቢ አለኝ። እስከ ፋሲካ ብትቆይ ምን ትሆናለች ብዬ ለሄለን «ሱቁ ጨርሷል» አልኳት። በአራተኛው ሳምንት የሽሮ ጀርባ ሾለ፤ ክዳኑን በአፍንጫዋ እየገፋች ታድር ጀመር። ሄለን እያለቀሰች በእንግሊዝኛዋ «ማሚ፣ ኢዝ ሺ ዳይንግ?»፣ ልትሞት ነው ወይ፣ ብላ ስትጠይቀኝ እንኳ እውነቱን አልነገርኳትም።

ጋሽ ወርቅነህ እባብ ለወሰደ ሁሉ በየወሩ ኮል ያደርጉ ነበር፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው። «ሶ፣ መቼ ነው የበላችው?» አሉኝ። «ባለፈው ሳምንት፣ ጋሼ» አልኩ። አይጡን የሚሸጡልኝ እሳቸው ራሳቸው መሆናቸው እንዴት እንደጠፋኝ አላውቅም። «ኦኬ» ብለው ዘጉት።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ በራችንን አንኳኩ፤ እጃቸው ላይ ትንሽ የበረዶ ሳጥን ነበር። ሄለን ሮጣ «ጋሼ፣ ሱቁ ውስጥ አይጥ ገባ?» አለቻቸው። እኔን አዩ፤ እሷን አዩ። «ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ» አሉ፤ አልዋሹም፣ እኔንም አላጋለጡኝም። የሽሮን ጀርባ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ ከቀድሞው ያነሰች አይጥ በሞቀ ውኃ አቅልጠው ሰጧት። እስክትውጥ ድረስ ሦስታችንም ቆመን ተመለከትን።

ስሸኛቸው መኪናቸው ጋ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «እኔም እጾማለሁ። እሷ ግን ንስሐ የምትገባበት ኃጢአት የላትም» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ከበድ አለ። «ሽሮን እኔ ላድንልሽ እችላለሁ። ልጅሽ አንቺን ማመኗን ግን እኔ ሱቅ አታገኚውም። ዛሬውኑ ንገሪያት።»

ነገርኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩና ቻልኩት። በአራተኛው ቀን ወደ ጋሽ ወርቅነህ ቤት አብረን ሄድን። ጋራዣቸው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፍሪዘር ከፈቱልን። ውስጧ የየቤተሰቡ ስም የተጻፈባቸው ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ሁሉም የጿሚ ቤት እባቦች ስንቅ ነው። «አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ» ብለው በአዲስ ሳጥን ላይ «ሽሮ» ብለው ጻፉ። ሄለን ሳቀች፤ እጄንም ያዘችኝ። ያን ቀን ለእኔ ያደረጉልኝን በቃላት መመለስ አልችልም።

ጋሽ ወርቅነህ፣ ባለቤትዎ ለቅሶ ቤት ውስጥ ወደ ጋራዡ ጠርተው «ይህቺን ማን ይወስዳታል?» ሲሉኝ «እኔ» አልኩ። ፍሪዘሯ አሁን እኛ ቤት ናት፤ የሁሉም ሳጥን በስሙ አለ። ሁዳዴ ሰኞ ይገባል፤ ለየቤቱ የምደውለውም እኔ ነኝ። ሄለን ኮሌጅ ገብታለች፣ ሽሮም ከእኔ ጋር ናት። ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝን አውቃለሁና ልመልስልዎ፦ ሽሮ ቅዳሜ በልታለች። ይህ እውነት ነው፣ ጋሼ። በሰላም ይረፉ።