በቀቀን የሞረደችው አክስቴ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሞረዷ» ይላታል። ሥራዋ በሴቶች ፀጉር ቤት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጥፍር መሞረድ ነው፤ ምላሷም ያገኘውን ሳይሞርድ አያልፍም። እኔንም ስንቴ አስለቅሳኛለች። እጇን ሳላደንቅ ባልፍ ግን ንፉግ ነኝ።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊው፣ በቀቀናቸውን በሽቦ ቤቱ ይዘው ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ፀጉር ቤቱ ገቡ። የወፉ የላይኛው ምንቃር አድጎ አድጎ ደረቱን ሊወጋ ደርሷል። አፉ ስለማይገጥም የጎረሰው ሁሉ ይፈስበታል፤ ከላባ በቀር ምንም አልቀረውም።

«ምንቃር እንዲህ የሚያድገው በጉበት በሽታም ስለሆነ ጉበቱን መርምሬዋለሁ፣ ደህና ነው» አለ ሐኪሙ። «የእኔ መሣሪያ ግን ለላም ሰኮና ነው። እኔ ልያዘውና እርስዎ ይሞርዱልኝ። ውስጡ ደም ሥር አለ፤ እሱ ከተነካ በዚህ አቅሙ አይተርፍም።»

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚያበሉት?» አለች አክስቴ።

«እኔ የምበላውን ነዋ! ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ዳቦ በወተት እያራስኩ ከአንድ ሳህን እንበላለን። ሚስቴም የለች፤ ታዲያ ብቻውን ይብላ?»

«አሞላቅቀውት ነዋ! ምንቃር እንደ ጥፍር ነው፣ ማደጉን አያቆምም። የውጪዎቹ ወፎች ጠንካራውን ሲሰብሩ፣ በዛፍ ቅርፊት ሲያሹት ያልቅላቸዋል። አንዳቸውም ደጄን አንኳኩተው አያውቁም!»

የፀጉር ቤቱ ባለቤት «ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው?» ብላ ጮኸች። አክስቴ የሰማችም አልመሰለች። የጥፍር ቀለም ሽታ ለወፍ መርዝ ነው ስለተባለች ጠርሙሶቹን ሁሉ ከድና መስኮቱን ከፈተች። ሐኪሙ ወፉን በፎጣ ጠቅልሎ ያዘላት። የስልኳን መብራት ከምንቃሩ ጀርባ አድርጋ ደም ሥሩ የት ላይ እንደሚያበቃ አየች፤ ከዚያ ትንሽ ሞረድ ታደርግና ወፉ እስኪተነፍስ ትጠብቃለች። አንድም ደንበኛ አልተነሳም።

«ትንሽ እኮ ነው የቀረው፣ ጨርሺው» አሉ ልብስ ሰፊው።

«አልጨርስም! ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄድ የለ? ደም ሥሩ ወደ ኋላ እስኪሸሽ እንጠብቃለን።»

እንዲህ እየተመላለሱ ሳምንታት አለፉ። እስከዚያው ሽማግሌው በማንኪያ አጎረሱት። የመጨረሻውን ሞረዳ እቤታቸው ሄዳ፣ በምሳ ሰዓት አደረገችው፤ እኔም ዕቃዋን ተሸክሜ ከሐኪሙ ጋር አብሬያት ነበርኩ። ምንቃሩ ገጠመ። አክስቴ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ሰጠችው። በእግሩ ይዞ አገላበጠውና ቋ! አደረገው። እኔና ሐኪሙ እንደ ልጅ አጨበጨብን።

ልብስ ሰፊው «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አሉና ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። ልማድ ሆኖባቸው ዳቦውን ለሁለት አርሰውታል።

«እንግዲህ ከእኔ ጋር መብላቱ ቀረ ማለት ነው» አሉ።

አክስቴ ዳቦ ትንሽ ከራሰ «አፌ ውስጥ ጨርቅ የገባ ይመስለኛል» ብላ የምትተፋ ሴት ናት። እጇን ታጠበች፣ ወንበር ስባ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ምሳ አልበላሁም፣ ጋሼ» አለች። «የወፉን ድርሻ ለእኔ ይስጡኝ።»

አንድም ጉርሻ ሳትተው በላች።