የቲቸር ጽጌማርያም ሠላሳ አምስት

ጉድ ነው የማወራችሁ! ካየሁት ሦስት ወር ሆኖኛል፤ ድንጋጤው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ጽጌማርያም እኔ በማስተምርበት የኮልፌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ናት። ሃያ አራት ዓመት አስተምራለች። 18 ማዞሪያ አብራችኋት ብትቆሙ፣ ታክሲ እስኪመጣ አምስት ሰው «ቲቸር!» ብሎ ይስማታል። ዘንድሮ መሪ መምህር ለመባል የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ባልደረባዋ ክፍሏን ታዝቦ የሚሞላው ቅጽ። ባልደረባዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር? ቅጹን ገና ሳልገባ ሻይ ክበብ ቁጭ ብዬ ሞልቼዋለሁ። ሁሉም ላይ አምስት ከአምስት። እኛ ዘንድ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ዛሬ እኔ ላንቺ፣ ነገ አንቺ ለኔ።

ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጽጌ ስለ መቀነስ አስረዳች፣ አንዱን ጎበዝ ሰሌዳ ላይ አሠራች፣ «ገባችሁ?» አለች።

«ገብቶናልልል!» ጣሪያው ሊነሳ!

ከዚያ 52 ሲቀነስ 27 ሥሩ አለቻቸው። ሥራ ፈትቼ አጠገቤ ያለችውን የሄቨንን ደብተር አየሁ። 35። አይ፣ ተሳስታለች፣ መልሱ 25 ነው አልኩ። የጃለታን አየሁ፤ 35። ተነስቼ ረድፉን ዞርኩ። 35፣ 35፣ 35!

«ጽጌ፣ እስቲ ነይ።»

መጣች፤ አየች። «ሄቨንዬ፣ እንዴት ነው ይሄ የመጣው?»

«ከ2 ላይ 7 አይቀነስም። ስለዚህ ከ7 ላይ 2 ቀነስኩ።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ልጅቱ ግራ ገባት። «ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ? ‹ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ትንሹን› ብለውናል።»

ጽጌማርያም ዴስኩ ላይ ዘጭ አለች። በእርግጥም ብላለች! በየዓመቱ፣ ቀለል እንዲልላቸው ብላ። በፈተና ሲሳሳቱ ደግሞ «አያጠኑም» ስንል ኖረናል። ለካ ልጆቹ የተባሉትን በታማኝነት ሲፈጽሙ ነበር!

«ወንድዬ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከዚህ እስከ አየር ጤና ያለውን ሰው ግማሹን እኮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ!»

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ዋጥኩት።

«ቅጹን አምጣው።»

«ጽጌዬ፣ ተይው በናትሽ። ሞልቼዋለሁ…»

«መቼ ሞላኸው?»

ቅጹን ከኋላዬ ደበቅኩት። ቀማችኝ፤ «ተማሪዎች መረዳታቸውን ያረጋግጣሉ» ከሚለው ትይዩ አምስቱን ሰርዛ «አንድ አድርግና ፈርም» አለችኝ። አንድ ብዬ ፈረምኩ።

በማግስቱ ስቲኪኒ በፌስታል ይዛ መጣች። አሥር አሥሩን በላስቲክ አሰረች፤ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ሄቨን ፊት አስቀመጠች። «በይ ሰባት ስጪኝ።» ሄቨን ሁለቱን ነጠላ አየች፣ እስሩን አየች፣ «ቲቸር፣ ይሄን ልፍታው?» አለች። ጽጌማርያም በደስታ አፏን ይዛ ቆመች።

ዛሬ የመሪ መምህራን ስም ተለጠፈ። የሷ የለም። ምን ብዬ እንደማጽናናት እያሰብኩ ቢሮ ስገባ ስቲኪኒ እያሰረች ነው።

«አየሁት» አለች ቀና ሳትል። «አሁን መቀነስ ያልገባው ሦስት ልጅ ነው የቀረኝ። ይልቅ ነገ ያንተን ክፍል የምታዘበው እኔ ነኝ። ቅጹን ባዶውን ነው ይዤ የምመጣው!»

ይኸው፣ እንቅልፍ የለኝም።