ሚሊሜትር ከማሽኑ አይነሳም

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። ልብስ ሰፊ ነው፤ የሰው ትከሻ ለክቶ አይጽፍም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ይይዘዋል። ታዲያ ይሄ ሰው ለአንድ ሾፌር ኮት ሰፋና ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጎት ቁጭ አለ! ሾፌሩ መስታወት ፊት ቆሞ «ጋሼ፣ አንዱ ክንዴ ወደ ኋላ ዞረ እንዴ?» ሲል በሳቅ ፍርስ አልኩ። ሚሊሜትር ግን አልሳቀም። ኮቱን እያገላበጠ «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ደነገጥኩ።

ለነገሩ ቀድሞም ምልክት ነበረው። ደህና ይከርምና ማስታወሱ ድንገት ዝቅ ይላል፤ ከዚያ እዚያው ላይ ይረጋል። እኔ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ሴት ልጃችን ግን እንቢ ብላ ሐኪም ቤት ይዛን ሄደች።

ሐኪሟ ግፊቱን ለካች፣ ጭንቅላቱን በማሽን ፎቶ አስነሳች፣ ሰዓት እንዲስልም ወረቀት ሰጠችው። ቁጥሮቹን ሁሉ አንድ ጎን ላይ አጭቋቸው አረፈ።

«የመርሳት በሽታ ነው፤ ግን ከደም ስር የመጣ» አለችን። «ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ኖሮ የአንጎሉን ቀጫጭን የደም ስሮች ዘጋግቷል። የሄደው አይመለስም፤ የሚመጣውን ግን ልናዘገየው እንችላለን። እጁ የለመደውን አልረሳም፤ የሚጠፋበት የሥራው ቅደም ተከተል ነው።»

ከዚያማ ቤታችን ሌላ ሆነ! ጨው ስቀንስ «ምግብሽ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» አለኝ። ሲጋራውን ስጥልበት አኮረፈኝ። ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ፊቴ ካልዋጠ ንቅንቅ አልልም። አመሻሽ ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘን በእግር እንሄዳለን። «በስተርጅና ፍቅር ጀመሩ ይሉናል እኮ» ይላል። ይበሉና!

ልጄ ግን «የስፌት ማሽኑ ይሸጥ፤ መርፌው እጁን ቢወጋውስ?» ብላ ገዢ አገኘች። ማሽኑ ከሄደ ሰውዬውም አብሮት የሚሄድብኝ መሰለኝ፤ በጣም ፈራሁ። «እስቲ መጀመሪያ መጥተሽ እዪው» አልኳት።

መጣች። አሁን ጨርቅ ቆራጯ እኔ ነኝ፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራጭ ብቻ አኖርለታለሁ፣ ሰፍቶ ሲጨርስ ቀጣዩን እሰጠዋለሁ። ያን ቀን ልጄ ቆማ ስታየኝ ቸኮልኩና ኪሱን ገልብጬ አቀበልኩት። ሚሊሜትር መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አፈጠጠብኝ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! የኪስ አፍ ወደ ታች ነው እንዴ የሚሆነው? ታማሚው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ልጄ እስኪያስለቅሳት ሳቀች። እሱ ኪሱን አቃንቶ ፔዳሉን ረገጠ፤ ስፌቱም ቀጥ ብሎ ወረደ። ነገ ደግሞ ዝቅ ይል ይሆናል፤ ያንን ነገ እናየዋለን። ልጄ ስልኳን አወጣችና ገዢው ጋ ደወለች።

«ይቅርታ፣ ማሽኑ አይሸጥም» አለችው። «አባዬ ሥራ ላይ ነው።»