በአርቪድ ስም የተገዛው መጽሐፍ

ማርሊስ የባሏን የአርቪድን ሞት ዱሉት ከተማ ውስጥ ያልነገረችው ሰው የለም፤ ለባንኩም ለቤተ ክርስቲያኑም አሳውቃለች። የደበቀችው ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ አርቪድ በስክሪን የሚነበብ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ይገዛበት ከነበረው የኢንተርኔት መደብር።

የወረቀት መጽሐፍ ይሻላል የስክሪን እያሉ ባልና ሚስቱ ለዓመታት ተነታርከዋል። የወረቀቱ አስራ ዘጠኝ ዶላር፣ የስክሪኑ አስራ ሁለት። «ሰባት ዶላር ለወረቀት? ፊደሉ እንደሆነ ያው ነው» ይላል እሱ። እጄ የማይጨብጠው ነገር በነፃም ውድ ነው ትላለች እሷ። ነፍሱን ይማረውና ግትር ነበር፤ አንድ ቀን ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም።

ከተማው አጠገብ ባለው ሐይቅ ውስጥ ስለሰጠሙ መርከቦች የሚያወራው የስክሪን መጽሐፉ ግን የእሱ ማስታወሻ ሞልቶበታል። ማርሊስ በየቀኑ አንድ ሁለቱን ታነባለች። የማይሆን ነገር ነክታ እንዳታጠፋው ስለምትፈራ ወደፊት ዘልላ አይታ አታውቅም።

አንድ ሰኞ ስክሪኑ ላይ መልእክት መጣ፤ የሂሳቡ ባለቤት በአስር ቀን ውስጥ ማንነቱን ካላረጋገጠ መጻሕፍቱ ሁሉ ይዘጋሉ ይላል። ወዲያው ለመደብሩ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ወጣት ትሑት ነበር፤ መጻሕፍቱ ለአርቪድ ብቻ የተፈቀዱ እንደሆኑና ለሌላ ሰው እንደማይተላለፉ ነገራት።

«ራሳቸውን ላነጋግራቸው እችላለሁ?»

«ተኝቷል» አለች። ከአፏ አመለጣት።

«እንግዲያው ሲነሱ ይደውሉልን።»

ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ድንግጥ ትላለች። ውሸቷን የደረሱበት ይመስላታል፤ እንቅልፍም አጣች።

ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ የአሮጌ መጽሐፍ ሽያጭ ነበረው፤ በአምስት ዶላር ከረጢት ገዝቶ የቻሉትን ያህል መሙላት ነው። የመርከቦቹን መጽሐፍ በወረቀት ታትሞ አገኘችው። «ኧረ ማርሊስ፣ ከረጢትሽ ባዶ ነው እኮ፤ ሙዪው እንጂ» አለቻት ሻጯ። ማርሊስ አንዷን መጽሐፍ ይዛ እየተጣደፈች ወጣች።

ማስታወሻዎቹን ከስክሪኑ ወደ ወረቀቱ ኅዳግ በእርሳስ ትገለብጥ ጀመር። እንዳይዘጋባት እየፈራች፣ ምግቧን እንኳ ቆማ እየበላች። በአስረኛው ቀን፣ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ መጨረሻው ገጽ ደረሰች። እዚያ ያለው ማስታወሻ አርቪድ ሆስፒታል በገባበት ዕለት የጻፈው ነበር።

«ማርሊስ ልክ ነበረች። የወረቀቱን መግዛት ነበረብኝ፤ ለእሷ ይቀርላት ነበር።»

እርሳሷን ስታነሳ ስልኩ ጮኸ። አላነሳችውም። ስልኩ እየጮኸ ማስታወሻውን ቃል በቃል ገለበጠችው።