የታፔላ ጻፊው መንገድ

ታፔላ ጻፊው እጁ አይታማም። የፀጉር ቤቱም፣ የፋርማሲውም፣ የጫማ ጠጋኙም ስም የሱ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል ቁመታቸው የፀጉር ያህል እንኳ አይበላለጥም። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱስ ገጠመ። ሐኪሙ "ካልተራመዱ እዚያው አልጋ ላይ ይቀራሉ" ቢላት፣ እሷ እቴ፣ ወይ ፍንክች! "ደሞ ወጥቼ ልውደቅ?" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ክፍሏ በጓሮ በኩል ስለሆነ መስኮቷ የሚያሳያት የጎረቤት ቆርቆሮ ብቻ ነው። ወንድሟ ለምኖ ለምኖ ሲታክተው "እንግዲያው መንገዱን እኔ አመጣልሻለሁ" አለና ወረቀትና እርሳስ ይዞ ወጣ።

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ ጫፉ ላይ እስካለው የውሃ ታንከር የሚዘልቀውን የሰፈራቸውን መንገድ ነደፈው። በኩራት አመጣላት። እሷም መነጽሯን ሰክታ ወረቀቱን አቀረበች፣ አራቀች።

"ቆንጆ ግድግዳ ነው" አለች።

"እትዬ! መንገዳችን ነው እንጂ!"

"ታዲያ በየት በኩል ይኬዳል?"

ቅስሙ ስብር አለ። ትኩር ብሎ ሲያየው ግን እውነቷን ነው! የቅርቡ ዳቦ ቤትና የሩቁ ፋርማሲ በራቸው እኩል ሆኖ እንደ ታፔላ ፊደል ተደርድረዋል። የኖረበት ሥራ ጉድ ሠራው፤ እጁ አንዱን ከሌላው ማሳነስ ነውር ይመስለዋል።

እልህ ምላጭ ያስውጣል። በማግስቱ ጠዋት የታፔላ ማስመሪያ ክሩን ይዞ ወደ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ተመለሰ። ወረቀቱን ጣውላ ላይ ወጠረና መንገዱ ከዓይን የሚጠፋበት ቦታ፣ ታንከሩ ሥር፣ መርፌ ሰክቶ ክሩን አሰረበት። ክሩን አንዴ ወደ ዳቦ ቤቱ ጣሪያ፣ አንዴ ወደ በሩ ደፍ እየሳበ አሰመረ። ሌሎቹ ቤቶች ሁሉ በሁለቱ መስመሮች መሀል እንደየርቀታቸው ማነስ አለባቸው። ፋርማሲው ላይ ሲደርስ እጁ አሻፈረኝ አለ።

"አሳንስ ብዬሃለሁ!" ብሎ ጮኸበት።

ዳቦ ጋጋሪዋ ብቅ አለች። "ከማን ጋር ነው ጠቡ?"

"ከገዛ እጄ ጋር!"

ሳቋን ለቀቀችው። እሱ ግን አሸነፈ፤ ፋርማሲው የክብሪት ቀፎ አክሎ ቁጭ አለ።

ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እንደ ልማዱ ጥላውን በጥቁር ሊደፍነው ሲል ቀና ብሎ አየ። ጥላው ለካ ጥቁር አይደለም፣ ሐምራዊ ቢጤ ነው! የቅርቡን ግድግዳ ሞቅ ባለ ብርቱካንማ ቀባ፤ የሩቁን ግድግዳ ደግሞ ውሃ በበዛበት ሰማያዊ አሳሳው። አስፋልቱ ላይ የጠዋቷን ፀሐይ ሲጨምርበት መንገዱ ወረቀቱን ዘልቆ ወደ ውስጥ ገባ። እሰይ! ታፔላ ጻፊው በዚያ ዕድሜው አደባባይ ላይ ጮቤ ረገጠ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ቤት ሮጠ።

እህቱ መነጽሯን ሰክታ ሥዕሉን ተቀበለችው። ጣቷ ከዳቦ ቤቱ ተነሳ፣ ፀጉር ቤቱን አለፈ፣ ፋርማሲው ጋ ቆም አለ።

"እዚህ ጋ ጥላ አለ፤ ማረፊያ ይሆናል" አለች። ጣቷም እስከ ታንከሩ ቀጠለ።

"አሁንስ፣ እትዬ?"

"ሩቅ ነው።"

እሱ ሥዕሉን መልሶ ሊወስድ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ብርድ ልብሱን ገፍፋ እግሮቿን ወደ መሬት አወረደች።

"ምን ይገትርሃል? ጫማዬን አምጣልኝ እንጂ! ዛሬ እስከ ፋርማሲው ነው፤ ታንከሩ ጋ ነገ እንደርሳለን።"