የሐበሻስ ተራ?

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ልጄ ዘይነባ ወልዳ ላርሳት ሪያድ ሄጄ ነበር። እዚያ አንድ የማላውቀው ሰው የዋለልኝን ውለታ እስከ ዛሬ ስለማልረሳው ላውጋችሁ።

ዘይነባ የምትኖረው ጉበይራ የሚባል ሰፈር ተከራይታ ነው። የምትሠራው ግን ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ፈረንጆች ቤት። ኢቃማዋ፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቷ፣ በእነሱ እጅ ነው። ፊታቸውን ካዞሩባት አገሯ መመለሷ ነው።

ከአራስ ቤት እንደወጣች እመቤቷ፣ «ቤታችን የየአገሩ ሙዚቃ ስለሚሰማ እናትሽንም ሕፃኑንም ይዘሽ ነይ» አለቻት።

መንገድ ላይ ልጄ ለመነችኝ። «እማ፣ ያየሽው ባይጥምሽም ዛሬን ዝም በይልኝ። እንጀራዬ እዚያ ቤት ነው።»

እሺ አልኳት። ወፍጮ ቤት ተራ ሲዘለል ዝም እንደማልል ስለምታውቅ ነው ፍርሃቷ።

እመቤቲቱ በር ላይ «ባሮክ» የሚል ቃል ጣል አድርጋ ተቀበለችኝ። ለሕፃኑ መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ያለችኝ መስሎኝ፣ «አላህ ይባርክሽ» አልኳት። ለካ የሙዚቃው ስም ኖሯል። ዘይነባ ሳቋን በሻሿ አፈነችው።

የሚጫወቱት አራት ናቸው። አንዱ ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ ሲሆን፣ ትልቅ ቫዮሊን የመሰለ ነገር በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ ይገዘግዛል። ከየጨዋታው በፊት እሱ ያስረዳል፣ ዘይነባ በጆሮዬ ትነግረኛለች። የድሮ፣ የነገሥታት ዘመን ጨዋታ ነው አለችኝ። የጣሊያኑ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ይወጣል ይወርዳል። የፈረንሳዩ እግር እየጣሉ ለመጨፈር የተሠራ ነው። ጀርመን ከሁለቱም ወስዶ ገምዶታል።

ይኼማ ይገባኛል። እኛም ወሎ አምባሰሉ የአምባሰል፣ ባቲውም የባቲ ነው። እንግሊዝም ደረሰ። እኔ ተራችንን እየጠበቅኩ ነው።

ከዚያ አራቱም ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ኸላስ፣ አለቀ።

ብድግ አልኩ። ዘይነባ አባያዬን ጎተተችኝ፤ አልተቀመጥኩም። የማውቃት አረብኛ ትንሽ ናት።

«ወሐበሻ?» አልኩ። የሐበሻስ?

ከኋላ አንዱ ሳቀ። እመቤቲቱ ቀላች። የልጄን ፊት ሳይ እንጀራዋን ያበላሸሁባት መሰለኝ።

ሽማግሌው ግን አልሳቀም። ምን እንዳልኩ ዘይነባን ጠየቃት። ነገረችው። ትንሽ አሰበና፣ «እውነቷን ነው። የየአገሩ ብለን ጠርተን የእሷን አላወቅነውም። እሷ ታንጎራጉርልን» አለ።

አፈርኩ። ግን ተራ ጠይቆ ተራ መልቀቅ የለም። ለልጅ ልጄ እንደማንጎራጉርለት አድርጌ በአምባሰል ጀመርኩ።

ሰውዬው ዜማዬን ልከተል፣ ልብለጥ አላለም። የመሣሪያውን አንዲት ወፍራም ክር ብቻ ከድምፄ ሥር ቀስ አድርጎ ሳያቋርጥ ይስባታል። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ደግፋ የያዘችኝ እሷ ናት።

ስጨርስ ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነው። እመቤቲቱም መጥታ ሕፃኑን ከዘይነባ እቅፍ ተቀበለችና ግንባሩን ሳመችው። «መብሩክ» አለችኝ፤ አሁን እንኳ በትክክል ሰምቻታለሁ።

ዘይነባ ያን ቀን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አኮረፈችኝ። ሥራዋ ላይ ከዚያ በኋላም ቆይታለች፤ ሁለተኛ ግን አልወስድሽም ብላኛለች።

የሰውዬውን ስም አልጠየቅኩም። የንጋቱን ሱብሒ ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ «ያ ባለ ወፍራም ክር» እያልኩ አነሳዋለሁ። ማንን እንዳልኩ አላህ ያውቃል።