ስሙን የማልጠራው ውሃ

ሆሳዕና፣ ሊነጋጋ ሲል

ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም፤ ከሞላም በኋላ አይነሳም። ረዳቱ "አንጋጫ፣ አንድ ሰው ብቻ!" እያለ ብዙ "አንድ ሰው" ጠቅጥቋል። እኔና ባሌ ታምራት አንድ ወንበር ላይ ተጣጥፈናል። ወላጆቹ አንጋጫ ይጠብቁናል፤ ከዚያ አብረን ረግረጉን ልናይ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይሄ ጉብኝት አይደለም፣ ፈተና ነው። አባቴ ሆሳዕና ላይ ሱቅ ያላቸው ጉራጌ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ጉዞ መጻፍ፣ አመሌ መለፍለፍ ነው። ከተጋባን ገና መንፈቅ አልሞላንም። የታምራት እናት "ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ወጋችንን ግን አታውቅም" ማለታቸው ጆሮዬ ገብቷል።

ወጉ በከምባታ ባሊሻ ይባላል። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም። ብዙ ቤት ቀርቷል፤ አማቴ እማማ ቤት ግን አለ፣ ለአማርኛውም ጭምር። የአማቴ የአባባ ስም በምን እንደሚጀምር መጻፍ አልችልም፤ "ከ" ብላችሁ ሁለተኛው ላይ ቁሙ። እንግዲህ ሻይ የምጠጣበት ዕቃ ስም የለውም። ረግረጉ መሃል ልናየው የምንሄደው ነገር ራሱ ስም የለውም። ማኩረፍ ግን ይፈቀዳል፤ በ"ማ" ነው የሚጀምረው።

"ግማሽ ቀን ምላስሽን ያዢልኝ" አለኝ ታምራት።

"እሺ፣ ያን ነገር ምን ልበለው?"

"ውሃ በይው።"

አንጋጫ

ገበያው ገና መዘርጋቱ ነው። ድንች በጆንያ፣ ጎመን በሸክም፣ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ። አባባ ግራጫ ሱፍ ከነባርኔጣው፣ ከሥሩ ነጭ ጫማ አድርገው መጡ፤ ለረግረግ። እማማ የላስቲክ ቦት ጫማ አጥልቀዋል። ማን አገሩን እንደሚያውቅ ከእግራቸው ተረዳሁ።

ቁርስ ላይ እማማ አይብ እየጨመሩልኝ አፌን አፌን ያዩታል። እኔም በየንግግሬ መሃል ቃል እየመረጥኩ እንደ መንተባተብ አደረገኝ። አባባ "ይቺ ልጅ ዝምተኛ ናት" አሉ። ታምራት ትን አለው።

ከዚያ በባጃጅ። አቀበቱ ላይ ሞተሩ ሲደክም ወርደን ገፋን፤ አባባ ለሱፋቸው ስለሳሱ ከፊት ሆነው አቅጣጫ ሰጡ።

ረግረጉ

አሹፌበት ላልፍ ነበር ሐሳቤ፤ አልቻልኩም፣ ያምራል። ወዲያ ማዶ አምበሪቾ ተራራ ጭጋግ ለብሷል፤ ወዲህ ቄጠማ ብቻ ነው። በቄጠማው መሃል እዚህም እዚያም ጥቁር ውሃ ይታያችኋል። ዳር የለውም፤ ሳሩ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ መሬት ይመስላል። ሽመላዎች ቆመዋል፤ ራቅ ብለው ሰዎች ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ሳር ያጭዳሉ።

አባባ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። "ተረት ነው፤ ጌታን ካወቅን ወዲህ እንዲህ ያለውን አንሰማም" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ድሮ ሰርገኛ በዚህ ሲያልፍ ሙሽራይቱ ሳታስበው የአማቷን ስም ጠራች። መሬቱ ተከፈተና ሙሽራውን፣ ሚዜውን፣ በቅሎውን ሳይቀር ዋጠ።

"የሰርጉ ከበሮ ዛሬም ይሰማል ይላሉ።"

"እርስዎ ሰምተው ያውቃሉ?"

"አላምንም አልኩሽ እኮ። ቀስ ብለሽ አውሪ።"

ቀጥሎ ፎቶ አማራቸው። ስልኬን ደቀንኩ። ተራራውም ይግባ አሉ፤ ጫማውም ይታይ አሉ፤ እያሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከተረከዛቸው ጀርባ ጥቁሩ ውሃ ታየኝ። "ይቁሙ" ማለት ይበቃ ነበር፤ ይሄ የገባኝ አሁን ስጽፍ ነው። ያኔ ምላሴ ላይ የመጣው ያ የተከለከለው ቃል ብቻ ነበር። ዋጥኩትና ምትክ ፈለግኩ፤ የቆመ ውሃ ልል።

"አባባ፣ ከኋላዎ የቆመ…"

"ማን ነው?" አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ሊሉ ዞሩ። ከነሰላምታቸው ገቡ፣ እስከ ደረታቸው።

ሳር አጫጆቹ በላም ገመድ ጎትተው አወጧቸው። አንዱ ጫማ እዚያው ቀረ። በተረቱ ሙሽራይቱ ስም ጠርታ ሰው አሰጠመች፤ እኔ ባለመጥራት። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል እማማን አየሁ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ፈተናውን ወደቅኩ አልኩ በሆዴ።

ረግረጉ ዳር፣ የአንድ ሳር አጫጅ ቤት

አባባ የሰው ጋቢ ለብሰው እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ጥርሳቸው መንገጫገጩን ሲተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ኩሬ አለ ብትይኝ ምን ነበረበት?"

"አይባልማ፣ አባባ።"

ሚስታቸውን አዩ፤ እኔን አዩ። "የስሙ ባለቤት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ፈቅጄልሻለሁ። በይ።"

እማማ እሳቱን ቆሰቆሱ።

"ኩሬ" አልኩ ቀስ ብዬ።

መሬቱ አልተከፈተም። እማማ ግን እሳቱን እያዩ "ለእኔ የፈቀደልኝ የለም" አሉ። "እናትዎ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። እኔ የወለድኩትን ልጅ አንድ ቀን በስሙ ጠርቼው አላውቅም።"

የአባባ እናት ስም በ"ታ" ይጀምር ነበር። ታምራት ብለው ስም ያወጡት አባባ ናቸው፤ እማማን የጠየቀ አልነበረም። እማማ "ልጄ፣ ልጄ" ሲሉት እኔ ማሞላቀቅ ይመስለኝ ነበር። አንጀቴን በሉት።

አባባ ጋቢውን ሰበሰቡ። "እናቴ ብትኖር ትፈቅድልሽ ነበር" አሉ። "ባትፈቅድም እኔ ፈቅጃለሁ። ጥሪው።"

ታምራት ደጅ የተረፈውን ጫማ ያጥባል። እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ታምራት።"

"ወዬ" አለና እጁን እያራገፈ ገባ። እናቱን አልፎ እኔን አየ።

"ምን ፈለግሽ?"

"እኔ አልጠራሁህም" አልኩት።